ተመስገን፣ አይሞቅም

በእኛ አገር መኪና «ሞቀ» ከተባለ መርዶ ነው። ሹፌር ከመንገድ ደውሎ «ሞቀብኝ» ያለ እንደሆነ ባለንብረቱ የጎረሰውን መዋጥ ያቅተዋል። ቴስታታ ተሰነጠቀ፣ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፣ መኪናው በጎታች መጣ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጋራዥ በር ላይ ቆሞ «መኪናዬ አልሞቅ አለኝ» ብሎ አቤት ሲል፣ መካኒኩ ከእግር እስከ ራሱ ያየውና «ታዲያ ምን ፈለጉ ፋዘር? ተመስገን ይበሉ እንጂ!» ይለዋል።

እኔ አልሞቅ አለኝ የምለው ጋቢናውን ነው። ሞተሩን ማን ጠየቀው!

መኪናው ሃይሉክስ ነው። ነጠላ ጋቢና፣ ስሪ ኤል የሚሉት ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ። ለጭነት እንጂ ለምቾት አልተፈጠረም። ቢሆንም ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መግፊያ አለች፤ አንዱ ጫፏ ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ ነው። ወደ ቀዩ ጥግ ስትገፋ ሙቀት ይመጣል ተብሎ ይታመናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ቬንቲላተሩ ይጮኻል፤ አቧራ ይወጣል፤ ከቀድሞው ባለቤት የተረፈ የእህል ሽታም ይወጣል። ሙቀት ግን የለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ ምን ይሠራል?» ይላል። እንዲህ የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በሚኒባስ ነው። ሚኒባስ ማሞቂያ አያስፈልገውም፤ ማሞቂያው ሕዝቡ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርገን፣ አንዱ በሌላው ትንፋሽ እየሞቅን እንሄዳለን። አንድ ደፋር ወጣት መስኮት በጣት ስፋት ቢከፍት ከኋላ ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ «ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው?» ይላል። ወረርሽኝ መጥቶ በሬዲዮ «መስኮት ክፈቱ» ተብሎ ሲለፈፍ እንኳ ይህ ሕግ አልተሻረም። ነጠላ ጋቢና ውስጥ ግን ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና እትዬ። ሁለት ሰው ምን ያህል ይተነፍሳል?

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ልጇ ያኔ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በሥራው ላይ አደጋ ደርሶ ተፈረደበት። ዝርዝሩን እሱ አያነሣውም፣ እኛም አንጠይቀውም። በየሳምንቱ እሑድ በማለዳ ስንቋን ታሰናዳለች፣ እኔ አደርሳታለሁ። ቤታችን ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ቃሊቲ ለመድረስ ከተማዋን ከሰሜን እስከ ደቡብ መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ በፒያሳ፣ በመስቀል አደባባይ፣ በጎተራ፣ በሳሪስ። በታኅሣሥ ውርጭ እትዬ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አቅፋ ትቀመጣለች። ምሳ ዕቃውን የምታቅፈው እንዳይደፋ ይመስለኝ ነበር። ለካ እየሞቀችው ነው። ሳሪስ ስንደርስ እሱም ይቀዘቅዛል።

«ከርቸሌ እያለ ይሻል ነበር» ትላለች። በልጅነቷ እዚያ ታስሮ የነበረ አጎታችንን ለመጠየቅ ከእናታችን ጋር በእግሯ ትሄድ እንደነበር ታስታውሳለች። ዛሬ ከርቸሌ ፈርሶ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ረጅሙ ሕንፃ ቆሟል፤ በጥር 2004 ነው የተመረቀው። «መሪዎቹ መሀል ከተማ ገቡ፣ እስረኛው ዳር ወጣ፤ ብርዱ ለእኔ ደረሰኝ» ስትል ነገሩን ታጠቃልለዋለች። ባቡርም ሞክራለች። ቀላል ባቡሩ ከመስከረም 2008 ጀምሮ ቃሊቲ ድረስ ይሄዳል፤ ነገር ግን በግፊያው መሀል ቀይ ወጡ የአንድ ባለ ሱፍ ሰው እጅጌ ላይ ተደፋ። ከዚያ ወዲያ እኔና ሃይሉክሱ ተመረጥን።

የማሞቂያው ነገር ሲብስብኝ ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው መካኒክ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ጋዝ አልቋል» አለኝ። የምን ጋዝ? «የኤሲው ነዋ!» የዚህ ሃይሉክስ ማሞቂያ ጋዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ሞተሩን አቀዝቅዞ የሞቀው ውሃ በሁለት ቱቦ ወደ ጋቢናው ይመጣል፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ በተደበቀች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ቬንቲላተሩ በእሷ ላይ ይነፍስና ሙቀቱን ወደ እግር ይገፋዋል። አለቀ። ውሃ፣ ቱቦ፣ ንፋስ። ይህን ስነግረው «እሱማ ድሮ ነው» አለኝ። መኪናዬም ድሮ ነው።

ሁለተኛው ተመስገን ያስባለኝ ነው። ሦስተኛው ዳሽቦርዱ ከነሥሩ ወርዶ ሙሉው እንዲቀየር አዘዘና የመፍቻ ሣጥኑን ሊያነሣ ሲል አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቃሊቲ ደጃፍ መድረስ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። ቃሊቲ የሚታወቀው በማረሚያ ቤቱና በጉምሩኩ ነበር፤ ሁለቱም ጋ የሚመጣ ሰው ሥራው መጠበቅ ነበር። ስልክህን ከደጅ ታስቀምጣለህ። መታወቂያ ታሳያለህ። ትፈተሻለህ። ስንቅህ ይከፈታል፤ ያመጣኸውን ወጥ ራስህ ትቀምሳለህ። እትዬ ሁልጊዜ የምትቀምሰው ትልቅ ጉርሻ አድርጋ ነው፤ ፖሊሷን «አንቺም ቅመሺ እንጂ፣ ልጄ» ማለቷም አይቀርም። ፖሊሷ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ አትቀምስም።

ማረሚያ ቤቱ በስምንት ዞን የተከፈለ ነበር። በ2004 የተሰባሰቡ ወጣት ጦማሪዎች ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሰፊውን አገር «ዞን ዘጠኝ» አሉት። ሁለት ዓመት ያህል ጻፉና በሚያዝያ 2006 ተያዙ፤ ከመካከላቸው ቃሊቲ የገቡም ነበሩ። እኔ ተራ እስኪደርሰን ደጅ ሃይሉክሱ ውስጥ ስቀመጥ ነገሩ ትዝ ይለኛል። ዞን ዘጠኝ ማሞቂያ የለውም።

ውስጥ ጠያቂና ተጠያቂ በአጥር ማዶና ማዶ ሆነው ይጯጯኻሉ። እናቶች ይህን ጩኸት ያውቁበታል፤ እትዬና ልጇ ግን የሚጯጯኹበት ነገር አልነበራቸውም።

«በላህ?»

«በልቻለሁ።»

«ጤናህስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ብርዱስ?»

«ደህና ነው።»

ብርዱ ሳይቀር ደህና! ከዚያ ሁለቱም መሬት መሬቱን ያያሉ። ልጁ ከተፈረደበት ወዲህ ቃላቱን መቆጠብ ልማድ አድርጎት ነበር። አንድ እሑድ እትዬ ዝምታው ሲከብዳት የመጣላትን ተናገረች። «የአጎትህ መኪና በብርድ ልትጨርሰኝ ነው። ማሞቂያዋ አይሠራም።»

ልጁ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ መርፌዋ የት ትቆማለች?»

«የቷ መርፌ?»

«የሙቀቷ። ከሽሮ ሜዳ ተነሥተው እዚህ እስኪደርሱ ምን ያህል ትነሣለች?»

የአገሬ ሹፌር ያን መርፌ የሚያየው ወደ ላይ ስትወጣ ብቻ ነው። ታች ከቀረች ማን ያያታል? ሳስታውሰው ግን ከ«ሲ» ፊደል ላይ እምብዛም ንቅንቅ አትልም ነበር።

«አገኘኋት!» አለና እጁን አጨበጨበ። «ቴርሞስታቱን አውጥተው ጥለውታል ማለት ነው። መኪናዋ ቆላ ትሠራ ነበር?»

ትሠራ ነበር። የሸጠልኝ የእህል ነጋዴ በአዋሽና በሚሌ በኩል አፋርን ሲመላለስባት የኖረ ሰው ነው። ቆላ የሚወርድ ሹፌር ደግሞ አንድ ሃይማኖት አለው፤ ሞተር እንዳይሞቅ ቴርሞስታት ይውጣ። ልጁ አጥሩን ይዞ አስረዳኝ። «ቴርሞስታት በረኛ ነው፣ ጋሼ። ሞተሩ እስኪሞቅ በሩን ዘግቶ ውሃውን እዚያው ሞተሩና ማሞቂያው ውስጥ ያዞረዋል። ሲሞቅ ከፍቶ ወደ ራዲያተር ይለቀዋል። በረኛ ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ወደ ራዲያተር ይወጣል። ታዲያ መቼ ይሙቅ?» በረኛ ስለሌለው በር ከቃሊቲ አጥር ጀርባ ሲያወራ ፊቱ ላይ ፈገግታ አየሁ። እትዬም አየች።

የእኛ መንገድ ደግሞ ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቃሊቲ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ናፍጣ ሞተር ቁልቁለት ላይ ነዳጅ እምብዛም አያቃጥልም፤ ሳይደክም ይወርዳል፣ ሳይሞቅ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ አናት ከበሳች በኋላ፣ ሽቅብ ስንመለስ ነው ለብ ለብ የሚለው። ማሞቂያችን የሚሠራው ጃኬት ባወለቅን ሰዓት ነበር።

ነገሩ ለሃይሉክሴ ብቻ የተጻፈ ዕጣ አይደለም። በአገራችን የመኪና ማሞቂያ በተገቢው ቦታ ሲያገለግል ያየሁት ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርደን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ፣ ሞተሩ መጋል ሲጀምር፣ ሹፌሩ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ዘዴው ትክክል ነው፤ ያቺ ትንሽ ራዲያተር ለትልቋ ታግዛለች። ተሳፋሪው ግን በበረሃ ላይ በረሃ ተጨምሮለት ይንቃቃል። ደጋ ላይ የተነፈግነውን ሙቀት ቆላ ላይ ከነወለዱ ይከፈለናል።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ገና ፒያሳን ሳናስብ፣ ከደጃችን ሳንርቅ፣ «ዛሬ ስለ ቱቦው ጠይቀው» አለችኝ። ቱቦ የሚባለውን የት እንደሰማችው እንጃ።

ልጁ ጥያቄዎቹን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ውሃውን እንዳይ፣ በጎን ያለችውን የፕላስቲክ መጠባበቂያ እንዳላምናት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ክዳኑን እንዳልነካ። ከዚያ ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በእጄ እንድዳስስ። «ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ጥፋቱ ጋቢናው ውስጥ ነው፤ የአየሩ በር ወይም ሽቦዋ ናት። አንዱ ትኩስ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች፣ ወይም መቆጣጠሪያ ቧንቧዋ አልከፈተችም። ሁለቱም ለብ ያሉ ከሆኑ ሞተሩ ራሱ አልሞቀም።»

«አንዱ ለብ ያለ፣ አንዱ በረዶ ቢሆንስ?» አልሁት። ቀድሜ ዳስሼ ነበር።

«ሁለቱም በሽታ አለባት!» ብሎ ጮኸ፤ ከደስታው ብዛት።

በዚህ ጊዜ በግራ በኩል ባለቤታቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናት «ኩላንት ነው የጎደለው» አሉ። አጠገቡ የቆመ ሌላ እስረኛ «አየር ይዞ ይሆናል፤ ዳሽቦርዱ ውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማል?» ሲል ጠየቀኝ። ይሰማል። «በቃ፣ አየር ነው!» ሦስተኛው ቱቦውን በሌላ ቱቦ እናገናኘውና ማሞቂያው ይቅር አለ፤ ሁሉም ተቆጡት። ሰዓት የሚቆጣጠረው ፖሊስ ሳይቀር ጠጋ ብሎ «የአጎቴም ሚኒባስ እንዲሁ ሆና ቴርሞስታት ነው የተባለው» አለና መልሶ ኮስተር አለ። ያን ቀን ቃሊቲ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ አንድ ትልቅ ጋራዥ ሆነ። እትዬ «እኔ ልጄን ልጠይቅ ነው ወይስ ራዲያተር ልጠይቅ የመጣሁት?» አለች። ያኮረፈች ለመምሰል ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ቴርሞስታት ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድሁ። ሻጩ «ኦሪጂናል፣ ታይዋን፣ ወይስ ቻይና?» አለኝ። ኦሪጂናሉን አየሁትና ከታይዋኑ በዋጋው ለየሁት። መዳፍ ላይ የምታርፍ የነሐስ ዕቃ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ሰም አለ። ሰሙ ሲቀልጥ ያብጥና በሯን ይገፋዋል። 82 የሚል ቁጥር ተቀርፆባታል፤ በዚያ ዲግሪ መከፈት ትጀምራለች።

እትዬ በብረት ድስት ውሃ ጥዳ፣ እኔ በክር አንጠልጥዬ፣ ቤት ውስጥ ፈተናት። ውሃው ተንተከተከ፤ በሯ ገርበብ ብላ ቀረች። «ተታለልህ» አለችኝ። ልጁ ግን አስቀድሞ አስጠንቅቆን ነበር። ቴርሞስታት ጨርሶ ለመከፈት ከተጻፈባት ቁጥር ከአሥር ዲግሪ በላይ ከፍ ያለ ሙቀት ትፈልጋለች። የአዲስ አበባ ውሃ ደግሞ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ድስት ክፍት ከሆነ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ በሽሮ ሜዳ ድስት ውስጥ ጤነኛዋም ቴርሞስታት እንደ ሰነፍ ትታያለች። ስንት ደህና ዕቃ በዚህ ፍርድ ተጥሎ ይሆን?

ፒክአፗን የከፈተልኝ የሠፈራችን ወጣት መካኒክ የቴርሞስታቱን ቤት ሲፈታ፣ ልጁ እንዳለው ባዶ ነበር። «ይኼ'ኮ ጥሩ ነው፣ ፋዘር፤ እንዳይሞቅ ነው» አለኝ። ብዙ ሞተር ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የዚህ ዓይነቷ ቴርሞስታት ስትከፈት በታችኛው ክዳኗ አቋራጩን መንገድ ትዘጋለች። እሷ ከሌለች አቋራጩ ተከፍቶ ይቀራል፤ ዳገትና ጭነት ሲበረታ ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። እንዳይሞቅ ተብሎ የተነቀለው ዕቃ ማለዳ ያበርዳል፣ ዳገት ላይ ያግላል። ነጋዴውም አፋር ላይ ሳይቀቀል አልቀረም።

ቀጥሎ ትንሿን ራዲያተር አጠብናት። ቱቦዎቹን ከሁለቱም ጫፍ ፈትተን፣ የግቢ ውሃ ማጠጫ ጎማ በመውጫዋ በኩል ከትተን፣ ውሃውን በዝግታ ወደ ኋላ ለቀቅንባት። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ቀይ ቡኒ ዝገት፣ ቅርፊት፣ አንዲት የላስቲክ ቁራጭ፣ እንደገና ዝገት። ባለቤቶቿ ሁሉ ራዲያተሩ በጎደለ ቁጥር ያገኙትን ውሃ ሲሞሉባት ኖረዋል፤ የጉድጓድ፣ የወንዝ፣ የዝናብ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት አባቶች ራዲያተር አይተው ባይሆንም። ውሃው ጥርት ሲል ኩላንት ሞላን። አየሩን ለማውጣት የሽሮ ሜዳ ዳገት ጠቀመን፤ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርገን አቁመን፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን፣ መግፊያዋን ቀዩ ጥግ አድርሰን ሞተሩን በብርዱ አስነሣን። አረፋው እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ዳሽቦርዱ ውስጥ የሚንቆረቆረው ዝም አለ።

ያ እሑድ ውርጩ የጠናበት ነበር። ፒያሳን አልፈን ስንወርድ መርፌዋ ተነሥታ መሀል ላይ ቆመች፤ ቀጥሎ እግሬ ላይ አንድ ነገር መጣ። እትዬ ጋቢዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። መስቀል አደባባይ ላይ ከትከሻዋ አወረደች። ጎተራ ላይ በሕይወቴ ከእሷ አፍ ይወጣል ያላልሁትን ሰማሁ።

«መስኮቱን ትንሽ ክፈተው።»

ሳሪስን ስናልፍ ግን ሐሳቧን ለወጠች። በላብ ላይ ብርድ ካገኘኝ ዋጋ የለኝም፣ እኔ ቀስ በቀስ ልቀዝቅዝ፣ ሙቀቱን ወደ ወጡ አዙረው አለች። ንፋሱን ወደ እግር መለስሁት፤ ምሳ ዕቃውን ከጭኗ አውርዳ መውጫው አፍ ላይ አስጠጋችው። ፖሊሷ ክዳኑን ስትከፍተው እንፋሎት ወጣ። እትዬ ለመቅመስ እፍ ማለት ነበረባት።

ልጁ አጥሩ ጋ ቀድሞ ቆሟል። የባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቹም ጠጋ ጠጋ ብለዋል።

«እሺ ጋሼ፣ ሞቀች?»

አፌን ስከፍት የእትዬ ክርን ጎኔ ላይ አረፈ።

«ኧረ ምን ትሞቃለች!» አለች። «ያው ናት። እንዲያውም ብሶባታል።»

ልጁ አገጩን አከከ። ወደ ጎን ዞሮ ከጓደኛው ጋር ተማከረ። ከዚያ ሁለት እጁን አጥሩ ላይ አደረገ።

«እንግዲያው የአየሩ በር ናት። ጋሼ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር በግራ በኩል ገብተው አንዲት ቀጭን ሽቦ ይፈልጉ። እማዬ፣ አንቺ ደግሞ እሱ ከሥር ሲያይ መግፊያዋን ከሰማያዊ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ሰማያዊ እያደረግሽ…»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ በል» አለች እትዬ። «መጀመሪያ ወዴት ነው የምገፋው?»